ስንት ናችሁ?

ቅዳሜ ሊነጋ፣ ውርጩ ሳር ላይ ቆሞ፣
የመናኸሪያው በር በጭጋግ ታትሞ፣
ወንበር ያዝኩ ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፤
አጠገቤ ሌላ ሰው የሚመጣ ይመስል
ረዳቱ ጠየቀኝ፦ «የሁለት ነው አይደል?»
«የአንድ።»
«የአንድ ብቻ?»
«አዎ፣ የአንድ ሰው።»
መልሴን ቆጥሮ ሰጠኝ፣ ቅር ቅር እያለው።

የፋብሪካ ጓዶቼ ቢሰሙ ይስቃሉ፤
«ለሠርግ ነው? ለለቅሶ?» ብለው ይጠይቃሉ፤
«ሰው ያለ ጉዳዩ መንገድ ይወጣል ወይ?» ይላሉ።
እኔ ግን ስድስት ዓመት ብርድ ልብስ ስቆጥር፣
ሃያ ሃያውን ሳስር፣ ደብተር ላይ ሳሰፍር፣
ከቀን መቁጠሪያው ላይ የሰው አገር ፏፏቴ
ሲወርድ ከርሞ ነበር፣ ጠብ ሳይል በፊቴ።
«ውሃስ እኛም አለን፣ ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ»
ያለኝ ማንያዘዋል ነው፣ ጭነት ሲያገላብጥ።

ጣርማ በር። ዋሻው ዋጠን፣ ተፋን ወደ ቁልቁለት፤
ካፖርቴ ከበደኝ፣ ፊቴን መታኝ ሙቀት።
ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮች ከበቡን፤
«አንድ ብቻ? ለልጆችስ?» አለች አንዷ፣ ስታራግፍ ሱፉን።
«የለኝም» አልኳት፤ እፍኝ መረቀችልኝ፤
ምርቃት ይሁን ሐዘን፣ እስካሁን አልገባኝ።

ከጫካው አፍ፣ ከዳሷ፣ ጋሽ አጥናፍሰገድ
ብቅ አሉ መዝገብ ይዘው፣ ቀና አሉ ወደ መንገድ፤
«ስንት ናችሁ?»
«አንድ ነኝ።»
ዓይናቸው ከኋላዬ ሌሎቹን ፈለገ፤
ባጃጁ ተመልሷል፤ አቧራው አረገ።
ከዚያ ጻፉ፦ «1»። ቀጥ ያለች፣ እንደ ችካል።
«ከአሥር ሰዓት በፊት ውጪ፤ ጭጋጉ ይወርዳል።»

ገባሁ።

ዝግባ። ኮሶ። ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለ ሽበት።
መሬቱ ስፖንጅ ሆኖ፣ ኮቴዬ ጠፋበት።
የጫማዬ ሶል ተላቆ እንደ ምላስ ሲንቀለቀል
በቦርሳዬ ማንገቻ አሰርኩት፤ ጉዞው ይቀጥል።
ሁለቴ መንገድ ሳትኩ። ሁለተኛው አስፈራኝ፤
«ቀስ በይ፣ ሙሉእመቤት!» የሚል ድምፅ ጠራኝ፤
የራሴው ነው። ጮክ ያለ። የወጣ ከአፌ፤
አፍሬ ተቀመጥኩ፣ ግንዱን ተደግፌ።
ጉሬዛ ከላይ አየኝ፣ ነጭ ዘርፉን ጥሎ፤
ጠበቅኩት እሱም ሊጠይቅ፣ «ከማን ጋር ነሽ?» ብሎ።
አልጠየቀም። ዘለለ። ቅጠል ረገፈ። በቃ።

መጀመሪያ ድምፁ ነው። ከዚያ አፈሩ ቀዘቀዘ፤
ከዚያ ቋጥኙን ስዞረው ዓይኔን ውሃው ያዘ።
ትንሽ ነው። እንደ ሥዕሉ አይደለም፤ እውነቱን ልናገር፣
የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይበልጠው ነበር።
ነጭ ድር ነው የተወጠረ፣ ማግ ያልገባበት፤
ነፋስ እንደ መወርወሪያ ሽው እያለ ሚያልፍበት።

«እዩት!» አልኩ፣ ወደ ቀኝ ዞሬ፣ እንደ ብዙ ሰው፤
ከቀኜ ድንጋይ ነበር፣ እርጥበት የለበሰው።
ቆሎዬን ቆረጠምኩ፣ ምርቃቷን ጭምር፤
ለአንድ ቀን እንኳ ይቅር አልኩ፣ ምንም ነገር አልቆጥር።
ከዚያ ከነልብሴ ገባሁ፤
ብርዱ አስጮኸኝ። ጩኸቴን ግን አልሰማሁ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ጭጋጉ ሲከተለኝ፣
ጋሽ አጥናፍሰገድ መዝገቡን ዘርግተው ጠበቁኝ።
«አንድ ገባ፣ አንድ ወጣ፤ ሂሳቡም ተዘጋ።»
ልፈርም ጎንበስ ስል ፀጉሬ ወረቀቱን ተጠጋ፤
ጠብ አለ።
«1» ላይ ነው። ቀለሙ ተንጠፈጠፈ፣
ግራና ቀኝ ፈሰሰ፣ መስመሩን አለፈ።
በጋቢያቸው ጫፍ ሊያደርቁት እጃቸው ሲዘረጋ
«ይተዉት» አልኳቸው።